ቀለበት ይጎድላል

ጡረተኛው መምህር መጽሐፋቸውን ከፍተው ነው ከበሩ የገቡት። ሰላምታ የለ፣ እንዴት አደራችሁ የለ። ጠረጴዛችን ላይ ዘረጉትና የመጀመሪያውን ገጽ በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

«እስቲ አንብቢልኝ፣ ልጄ።»

አነበብኩ። «መታሰቢያነቱ አርባ ዓመት ሙሉ ለታገሠችኝ ለውድ ሚስቱ።»

«የማን ሚስት?»

ገጹን መልሼ አየሁት።

«የማን ሚስት ናት አርባ ዓመት የታገሠችኝ? ትናንት በደስታ ወስጄ ሰጠኋት። አንብባ አንብባ፣ መነጽሯን አውልቃ፣ ‹ሰውየው ማነው?› አለችኝ። እኔ ሚስቴ ብዬ ነው የጻፍኩት። ቴ! የቴዋን ቀለበት የት ጣላችሁባት?»

በሌላ ቀን ቢሆን ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። ቱ ከወገቧ አጭር ጭረት አላት፤ ቴ ከእግሯ ሥር ቀለበት። ልዩነታቸው ይኸው ነው። በዚህች ልዩነት አንድ ሺህ መጽሐፍ ያለ ቀለበት ታትሟል።

እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ከጎኔ የተቀመጠውን ሰው አየሁት። እሱም አንገቱን ደፍቶ ገጹን የሚያይ ይመስላል፤ ዓይኑ ያረፈው ግን ከመጽሐፉ አንድ ስንዝር ርቆ ባዶው ጠረጴዛ ላይ ነው።

እሱ የማተሚያ ቤታችን አራሚ ነው። ከደመወዝ ቀን በስተቀር ስሙን የሚጠራው የለም፤ ቀኑን ሙሉ «ጭራ ጎድሏል! ጭራ በዝቷል!» ስለሚል ጭራ ነው የምንለው። እኔ ደግሞ ሬዲዮ ነኝ። ሥራችን እንዲህ ነው። እኔ የደራሲውን ረቂቅ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እሱ ለኅትመት የተዘጋጀውን ገጽ በማስመሪያ መስመር በመስመር እያየ ይከተለኛል። ነጥብ እንኳን አይቀረኝም። «ዝናቡ ቆመ፣ አራት ነጥብ፣ አዲስ አንቀጽ» እላለሁ። ገጹ ሲያልቅ ከግርጌው «ይታተም» ብሎ ይፈርምና፣ «ስህተት ካለበት ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብሎ ይምላል።

የመጣሁት የታመመች ጓደኛዬን ለአንድ ቀን ልተካ ነበር። ያን ቀን ከሥራ ስንወጣ፣ «ሬዲዮ፣ ነገም ጣቢያሽን እዚሁ ክፈቺ» አለኝ። ጓደኛዬ ድና ሌላ ሥራ ያዘች፤ እኔ ይኸው አራት ዓመቴ።

ወድጄዋለሁ። እሱም እንደሚወደኝ አውቃለሁ፤ ባላነብም ድምፄን የሚጠብቅ ሰው እሱ ብቻ ነው። ግን ሁለታችንም የሰው ቃል ስናገላብጥ ውለን የራሳችንን ለመናገር ጉልበት አይተርፈንም። ነገ ነገ ስንል ዓመታቱ ሄዱ።

ከስድስት ወር ወዲህ መማሉን ተወ። ሻይ ሲቀዳ መሙላቱን ለማወቅ ጣቱን ብርጭቆው ውስጥ ይከታል። ደረጃ ሲወርድ ግድግዳውን ይዳስሳል። ማስመሪያው የሚወርደውም ድምፄን ተከትሎ እንጂ መስመሩን ተከትሎ አልነበረም። ሆዴ እያወቀ ዝም አልኩ። ከተናገርኩ ከሥራው የሚወጣ፣ እኔም ለባዶ ወንበር የማነብ መሰለኝ።

ሥራ አስኪያጁ ጩኸቱን ሰምቶ ከቢሮው ወጣ።

«ማነው ያጠፋው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሳነብ ተሳስቼ ሚስቱ ብያለሁ።»

«አላልሽም» አለ ጭራ። ማስመሪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። «በትክክል ነው ያነበበችው። ያላየሁት እኔ ነኝ። ሌሎቹንም ገጾች አላየኋቸውም።»

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም። መምህሩን ይቅርታ ጠይቆ ገጹ በአዲስ እንዲተካ አዘዘ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብን እኮ» አለና ወደ ጭራ ዞረ። «ሂድና ዓይንህን ታከም። እስከዚያ ድረስ ምንም ገጽ ላይ አትፈርምም።»

ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ለምን ዋሸሽ?» አለኝ።

«አንተስ ለምን ደበቅከኝ?»

ከአሥራ አንድ ዓመቱ ጀምሮ ስኳር እንዳለበት ሁላችንም እናውቃለን። ከምሳ በፊት ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ ኢንሱሊኑን ሲወጋ ለምደነው ቀና ብሎ የሚያይ እንኳን የለም። ወደ ዓይኑ መውጣቱን ግን ለማንም አልተናገረም።

«ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ደም ፈሷል» አለ። «መጀመሪያ ጥቁር ክር ይመስለኝ ነበር። ከወረቀቱ ላይ በጣቴ ላነሳው እታገላለሁ፤ ክሩ ያለው ለካ እኔ ውስጥ ነው። አሁን በዚያኛው ጥላ ብቻ ነው የማየው። የግራው ደግሞ መሀሉ አብጧል፣ መስመሩ ሁሉ ይጎብጥብኛል። በየወሩ መርፌ ያስፈልገዋል።»

«የት ነው የሚወጉህ?»

«ዓይኔን ነዋ። ራሱን ዓይኔን።»

ሳላውቀው እጄን ዓይኔ ላይ አደረግኩ።

«ሦስት ተወግቼ ተውኩት።»

«አሞህ?»

«ኧረ ያደነዝዙታል። ደክሞኝ ነው፣ ሬዲዮ። ሆዴን፣ ጭኔን፣ ክንዴን ስወጋ ነው ያደግኩት። ዓይኔ ብቻ ነበር የቀረኝ፤ እሱንም አመጣሁላቸው። ሐኪሟ ደግሞ ትድናለህ አትልም። ‹የሄደውን አንመልስም፣ የቀረውን እናቆይልህ› ነው የምትለው። ለአራተኛው ስሄድ ነርሷ፣ ‹ተወግተህ ብቻህን መንገድ ልታቋርጥ ነው? አስታማሚ ሳትይዝ አትምጣ› ብላ መለሰችኝ። ሰበብ አገኘሁ፤ ተመልሼ ተኛሁ።»

ከኪሱ የቀጠሮ ካርድ አወጣ። ቀኑ ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል። የግራው ከዚህ በላይ ሳይታከም ከቆየ እንደ ቀኙ እንደሚሆን አላጣውም፤ እያወቀ ነው የተቀመጠው።

«አስታማሚ አጥተህ? እኔ ሞቻለሁ?»

«አንቺ ስላለሽ ነው ያልሄድኩት። አንዴ እጄን ከያዝሽ መልቀቅ ያሳፍርሻል። በይሉኝታ ታስረሽ እንድትኖሪ አልፈልግም።»

«ስለ ይሉኝታዬ ማን ጠየቀህ?» ድምፄ ደረጃውን ሞላው። «እወድሃለሁ፣ አራት ነጥብ!»

ከታች የማተሚያው መኪና ይንኳኳል።

«አዲስ አንቀጽ አላልሽም» አለ በመጨረሻ።

«እሱን የምትጀምረው አንተ ነህ።»

አልጀመረውም። ግን ካርዱን እጄ ላይ አኖረው።

ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ስለ ጭራ ስነግራት የታጠበ ልብስ እያጠፈች ነበር።

«ስኳር ነው አልሽኝ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«አጎትሽን አሥራ አራት ዓመት አስታምሜ ቀበርኩት። መጀመሪያ ጣቱ፣ ቀጥሎ እግሩ። ሰው ሁሉ እንዴት ያለች ደግ ሴት ይለኛል። ደግ አልነበርኩም፣ ደክሞኝ ነበር። የምጠላው ቀንም ነበረ። ይህን ማንም አይነግርሽም፤ እኔ ልንገርሽ።»

«ይቆጭሻል?»

አንዱን ሸሚዝ አጠፈችው፣ ፈታችው፣ ደግማ አጠፈችው።

«የሚቆጨኝ ‹ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ› ሲል ያመንኩት ጊዜ ነው» አለች። «እሱን ሰምቼ አብሬው መተኛት አልነበረብኝም። ጎትቼ ሐኪም ቤት መውሰድ ነበረብኝ።»

ተነስታ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። የአጎቴን ጥቁር መነጽር አውጥታ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው።

«ተወግቶ ሲወጣ ብርሃን ያመዋል፣ ይህን አድርጊለት። እጁን ያዢው፣ ዓይኑን እንዳያሸው።» ፈገግ ልል ስል ጣቷን ቀሰረችብኝ። «መርቄሽ እንዳይመስልሽ። ገና አልመረቅሁሽም።»

ሐሙስ ጠዋት ሄድን። የዓይን ክፍሉ ኮሪደር ረጅም አግዳሚ ወንበር አለው፤ ሰው ሁሉ አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። የሚያወራ የለም። በየተራቸው ወደፊት ፈቀቅ ይላሉ፣ እኛም ፈቀቅ እንላለን። ቁርስ ሰዓት አልፎ ስኳሩ እንዳይወርድበት ከቦርሳዬ ዳቦ አውጥቼ ሰጠሁት። እያላመጠ፣ «አራት ጊዜ ጠብታ ያደርጉልኛል፣ ከዚያ ብረት ነገር አድርገው የዓይኔን ቆብ ይይዙታል፣ እንዳልርገበገብ» አለኝ። ከዚያ መብላቱን አቆመ።

«ልትቀር ትችላለህ» አልኩት። ለምን እንዳልኩት አላውቅም። ደክሞኝ መሰለኝ።

«አንቺ ብትቀሪ እቀራለሁ።»

«እኔ አልቀርም።»

«እንግዲያው ችግር ነው» አለና ዳቦውን ጨረሰ።

ነርሷ መጥታ ጠብታውን አደረገችለትና ለእኔ ፎርም ሰጠችኝ። የአስታማሚ ስም የሚል አለ፤ ሞላሁት። ከሥሩ ከታካሚው ጋር ያለው ዝምድና ይላል። እዚያ ላይ ብዕሬ ቆመ። የሥራ ባልደረባ ብል ማንም አይጠይቀኝም። እህት ብልም ማንም አያጣራም። አራት ዓመት ሙሉ የሰው ጽሑፍ ነጥብ ሳላጎድል አንብቤ ለራሴ አንድ ቃል ልጣ? ጻፍኩት።

«ምን ብለሽ ሞላሽው?» አለኝ። ጠብታው አደብዝዞት ፊቱን ያዞረው ወደ ድምፄ ነው።

«ስሜን።»

«ከስሙ ሥር ያለውን።»

«በኋላ እነግርሃለሁ።»

«ሬዲዮ፣ አንብቢው።»

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። መጽሐፍ ሳነብ አንድም ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ያን ቀን ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

«ሚስቱ» አልኩ።

አጠገባችን የነበሩት ሴትዮ ፈቀቅ አሉ። እኛ ፈቀቅ ማለቱን ረሳነው።

«ስህተት አለው» አለ።

ድንግጥ አልኩ። እንባዬ መጣ፤ ፎርሙን ልቀደው ምንም አልቀረኝም።

«ቱ ነው ያልሽው?»

«ቱ ነው።»

«ቀለበት ይጎድላል።»

«አይጎድልም! ወረቀቱ የሐኪም ቤቱ ነው፤ በእነሱ አፍ ሚስቱ ነው ልኩ።»

«እኔ ሳነበው ግን ሚስቴ ነው» አለ። እጁን ዘረጋ። «ብዕሩን ስጪኝ።»

ሰጠሁት። ፎርሙን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ እንደ ድሮው አጎነበሰበት፣ አፍንጫው ወረቀቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። በግራ አውራ ጣቱ መስመሩን ፈልጎ ያዘ። ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ትንሽ ክብ ሣለ። ከዚያ ብዕሩን መለሰልኝ።

«እኔ እንዳልፈርም ተከልክያለሁ» አለ። «አንቺ በይው።»

«ይታተም» አልኩ። ድምፄ ተሰባበረ፤ ሬዲዮ ሲበላሽ እንደዚያ ነው።

በሩ ተከፍቶ ነርሷ ጠራችው። ተነሣ፣ ክንዴን ያዘ። አራት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ክንዴን ሲይዝ የመጀመሪያው ነው።

«አስታማሚህ እሷ ናት?»

«ሚስቴ ናት» አላት።

እሱን አስገብታ ተመለሰችና ፎርሙን ከእጄ ተቀበለች። አብሬያት አየሁት። ቀለበቱ ፊደሉን ስቶ፣ ሁለት ጣት ያህል ርቆ፣ ባዶው ላይ አርፏል።

«ይቺ ዜሮ ምንድን ናት?» አለችኝ። «ልሰርዛት?»

«አይ፣ ሲስተር» አልኳት። «የእኔ ናት። ትቆይ።»