ከዚህ የጠራ ሞኒተር የምታውቁ

ይሄ የፈጠራ ታሪክ አይደለም። በእኔ ላይ የደረሰ ነው።

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ወደዚህ ቻናል የመጣሁት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው... ግን ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኳችሁ ጥያቄዬ የእብድ ጥያቄ ይመስላችኋል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የጀመረው። ጠራራ ፀሐይ ነው። መጋረጃው ተከፍቷል፣ ጎረቤታችን ልብስ እያሰጣች ነው፣ ከታች ያለው ብየዳ ቤት እንደ ልማዱ ይጮኻል። መብራት አልጠፋም፣ ውሻ አላላዘነም። እንዲህ ያለ ነገር በጨለማ ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

የምኖረው ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። ሁለት ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ። እኔ የሰርግ ፎቶ አስተካካይ ነኝ። የሙሽሮችን ብጉር አጠፋለሁ፣ የሚዜዎችን ላብ እጠርጋለሁ፣ ሥራዬ ሁሉ ላፕቶፕ ላይ ነው። እሱ ደግሞ ከኮሌጅ ሲመለስ ጌም ላይ ተተክሎ ያመሻል።

"ሽማግሌው" ነው የምንለው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሁለት እጁን ከኋላው አጣምሮ ነው የሚሄደው፣ ልክ የተጣላ ሰው ሊያስታርቅ እንደሚሄድ አዛውንት። ጎረምሳ ሆኖም አልተወውም።

እናታችን ሌላ ከተማ ነው ያለችው። በየእሁዱ ትደውላለች። ገና "ሄሎ" ሳልል "ሽማግሌዬ ደህና ነው?" ትላለች። የእኔ ሰላምታ በኋላ ነው የሚመጣው። ወደዚህ ስንመጣ እጁን እጄ ላይ አድርጋ "አደራ" ያለችኝን መቼም አልረሳውም።

የላፕቶፔ ስክሪን ጠባብ ነው፣ ዓይኔ ሊጠፋ ሆነ። እሱም ጌሙን የሚጫወትበት የድሮ ቲቪ ደብዝዞ ኳሱና የተጫዋቹ ራስ አይለይም። ስለዚህ ተስማማን። ላፕቶፑም ጌሙም የሚሰካበት አንድ ሞኒተር እንገዛለን።

መስማማታችን እዚያው ላይ አበቃ።

"እኔ ጥራት ነው የምፈልገው" አልኩት። "የቆዳ ቀዳዳ ሳይቀር መታየት አለበት።"

"የሰው ቆዳ ቀዳዳ ማየት ምን ያደርግልሻል? ዋናው ፍጥነት ነው! ኳሱ እኮ እየተጎተተ ነው የሚሄደው!"

ከሱቅ ሱቅ ተንከራተትን። በመጨረሻ ሁለታችንንም ዝም ያሰኘ ሃያ አራት ኢንች ተገኘ። ባለሱቁ ጠንቃቃ ሰው ነው። ሳይሸጥልን በፊት ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ ነጭ አደረገው፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ቀጥሎ ጥቁር።

"የሞተ ነጥብ ካለ እንዲህ ነው የሚታየው" አለኝ። "ቀረብ ብለሽ እዪው እህቴ፣ ኋላ እንዳትወቅሽኝ።"

አፍንጫዬ ሊነካው እስኪደርስ ቀርቤ አየሁ። ምንም የለም።

ቤት ገብተን ላፕቶፑን ሰካሁና ባዶ ነጭ ገጽ ከፈትኩ።

መሃል አካባቢ፣ ትንሽ ወደ ላይ ከፍ ብሎ... አንዲት ጥቁር ነጥብ።

"ትንኝ ናት" አለ ሽማግሌው።

በጨርቅ ጠረግኳት። አልጠፋችም። በጥፍሬ ጫርኳት። አልጠፋችም።

"በቃ፣ የሰው ብጉር ስታጠፊ ውለሽ ሞኒተሩም ብጉር አወጣልሽ!" ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። እኔም እየተናደድኩ ሳቅኩ።

ላፕቶፑን ነቅለን ጌሙን ሰካን። ነጥቧ አለች። ጌሙንም ነቀልነው። ስክሪኑ ጠቆረና "ምልክት የለም" የሚል ጽሑፍ መጣ።

በጥቁሩ ላይ... ነጥቧ ነጭ ነበረች።

ያኔ ሳቃችን ቆመ።

በማግስቱ ሞኒተሩን ይዤ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ነጭ አደረገው። ቀይ አደረገው። ጥቁር አደረገው። ምንም የለም። እኔም ደጋግሜ አየሁ፣ እውነቱን ነው፣ ምንም የለም።

"ሥራ በዝቶብሽ ይሆናል" አለኝ፣ ሳይቆጣ። "ግድ የለም፣ ትንሽ ጨምሪና በዚህ ለውጪ። ሃያ ሰባት ኢንች ነው፣ ከዚያኛው በጣም ይጠራል። ነጥብ ቢኖረው እንኳ ደቃቅ ስለሆነች አትታይሽም።"

ደስ ብሎኝ ለወጥኩ። ምን አውቄ!

ቤት ስገባ ሽማግሌው ራሱ ነጩን ገጽ ከፈተው። በጣቱ ጠቆመኝ። ቀረብ አልኩ።

እዚያው ቦታ ላይ ነበረች። ግን አሁን ነጥብ አልነበረችም። ስክሪኑ ስለጠራ... ቁመት ነበራት።

በላፕቶፑ ላጎላት ሞከርኩ፣ ገጹ ጎላ፣ እሷ አልጎላችም። የታተመ ፎቶ የምመረምርበትን ማጉያ መነጽር አመጣሁ። ከላይ ክብ ነው። ከታች ለሁለት የተከፈለ።

ራስ። ሁለት እግር።

"ሰው ነው..." አለ ሽማግሌው።

"ለምንድነው የምታንሾካሹከው?"

"እንጃ... አንቺስ?"

እኔም እያንሾካሾክኩ ነበር።

ያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ጆይስቲክ ተንቀጠቀጠ። ጌሙ አልተከፈተም፣ ገመዱም አልተሰካም። አንዴ ድምፅ ሰጠ... ዝም። አንዴ... ዝም። አንዴ... ዝም።

ሽማግሌው አንስቶ በሁለት እጁ ያዘው። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት።

"እርምጃ ነው" አለኝ።

ስክሪኑ ላይ፣ ከሰውዬው እግር ሥር ትንሽ ፕላስተር ለጠፍኩ። ምሳ ልንበላ ወጥ ቤት ገባን። ተመልሰን ስናይ እግሩ ከፕላስተሩ በታች ነበር። ቁመቱም ትንሽ ጨምሯል።

እየመጣ ነበር።

ተጣድፌ ሁሉንም ነቃቀልኩና የድሮውን ቲቪ ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁ። ጌሙን እሱ ላይ ሰካሁት። የደበዘዘ ሜዳ፣ የደበዘዘ ኳስ። ሌላ ምንም የለም። ጆይስቲኩም ጸጥ አለ። ያን አሮጌ ቲቪ ልስመው ምንም አልቀረኝም።

"ሞኒተሩ ሰኞ ይመለሳል" አልኩት። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፣ ሱቁ ተዘግቷል። ሞኒተሩን ከሶኬት ነቅዬ አንሶላ አለበስኩት።

እሁድ መቀመጥ አቃተኝ። ወጥ ቤት እሄዳለሁ፣ ምን ልወስድ እንደሄድኩ ይጠፋኛል፣ እመለሳለሁ። የታጠበ ብርጭቆ መልሼ አጥባለሁ። አንሶላውን አያለሁ። ፎቶ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። እንደገና አንሶላውን አያለሁ። ሽማግሌውም ያው ነው። ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ እጁን ከኋላው አጣምሮ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል።

"ቁጭ በል፣ አዞርከኝ እኮ!"

"እትዬ... ሰውዬው የሚያውቀኝ ይመስለኛል።"

"ማን?"

"እጁን አወዛውዞልኛል። ትላንት፣ አንቺ ፕላስተር ልታመጪ ስትሄጂ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ትንሽ ቢጠራ ኖሮ ፊቱን እለየው ነበር።"

"ምንም አትለይም! ይመለሳል፣ አለቀ!"

"እሺ።"

ያስፈራኝ እሺ ማለቱ ነው። ሽማግሌው ሳይከራከር እሺ ብሎኝ አያውቅም።

ሰኞ የሰርግ አልበም ማስረከብ ነበረብኝ፣ ሙሽራዋ ከነጋ ጀምሮ ስትደውል ነበር። ሽማግሌው "አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ ሞኒተሩን እኔ እመልሰዋለሁ" አለኝ። በደንብ አድርጎ በካርቶኑ ሲያሽገው አይቼ ወጣሁ።

ሙሽራዋ አልበሙን እያገላበጠች ሳለ ስልኬ ጮኸ። ባለሱቁ ነው።

"እንዴት ነው እህቴ፣ አዲሱስ ነጥብ አለው?"

"የቱ አዲሱ?"

"ወንድምሽ የለወጠው ነዋ! ካላችሁ ሁሉ የሚጠራውን ስጡኝ ብሎ ፎር ኬውን ወሰደ። አልነገረሽም?"

አልበሙን ሙሽራዋ እጅ ላይ ትቼ ሮጥኩ። መንገድ ላይ ደወልኩለት። ይጠራል፣ አይነሳም። ይጠራል፣ አይነሳም።

በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። አንኳኳሁ፣ ጮህኩ፣ በእግሬ መታሁት። ከውስጥ የስልኩ ጥሪ ብቻ ይሰማኛል። ወርጄ በያጁን ጠራሁት፣ መሣሪያውን ይዞ መጥቶ መቀርቀሪያውን ሰበረልኝ።

ቤቱ ባዶ ነው።

ስልኩ ቻርጅ ላይ ነው። ጫማው በሩ ሥር ነው። የመስኮቱ ፍርግርግ እንዳለ ነው። ወንበሩን ዳሰስኩት... ሙቀቱ አልለቀቀውም።

በያጁ ወለሉ ላይ የወደቀውን ጆይስቲክ አነሳና ወዲያው መልሶ ጣለው።

"ምንድነው ይሄ? ይራመዳል እንዴ?"

አነሳሁት። እውነት ነው። ግን እርምጃው የበፊቱ አልነበረም። አንዴ ከበድ ያለ፣ አንዴ ቀለል ያለ። የሁለት ሰው እርምጃ ነበር።

ስክሪኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ነው። መሃሉ ላይ ሁለት ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ይሄዳሉ። የጥፍር ያህል ናቸው፣ ግን ጥርት ብለዋል። አንደኛውን አላውቀውም። የሌላኛውን ሹራብ ክርኑ ሲቀደድ የሰፋሁት እኔ ነኝ።

"ሽማግሌው!" ብዬ ጮህኩ። ስክሪኑን በጥፊ መታሁት። በያጁ እጄን ያዘኝ። "ማንን ነው የምትጠሪው እህቴ? ነጭ ነገር እኮ ነው..." አለኝ።

ወንድሜ ሁሌም ሁለት እጁን ከኋላው አጣምሮ ነበር የሚሄደው። ያኔ ግን ከኋላው የነበረው አንድ እጁ ብቻ ነው።

ሌላኛውን ሰውየው ይዞታል።

እያነሱ ሄዱ። መጀመሪያ ሹራቡ አልለይ አለኝ። ከዚያ እጃቸው። ከዚያ ሁለቱ ተጠጋግተው አንድ ነጥብ ሆኑ። ከነጥቧ ሥር ፕላስተር ለጠፍኩ፣ እንዳላጣት።

ለፖሊስ አመልክቻለሁ። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር ስላቸው እኔኑ ነው አተኩረው ያዩኝ። ያን ሞኒተር ግን አላጠፋሁትም፣ አላጠፋውምም።

እሁድ እማዬ ደወለች። "ሽማግሌዬ ደህና ነው?"

ምን ልበላት?

"ጌም ላይ ነው" አልኳት።

"ይጫወት፣ አትቆጪው" አለችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አፌን በትራስ አፍኜ አለቀስኩ።

እና አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ተጣድፌ ነው የምጽፈው፣ ስህተት ካለ ይቅር በሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ጆይስቲኩ እንደገና ጀመረ። ሮጬ ስክሪኑን አየሁ። ነጥቧ ከፕላስተሩ በታች ናት።

እየመጣ ነው።

የእርምጃው ድምፅ ግን የሁለት ሰው አይደለም። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚመጣው። ማጉያውን ይዤ ዓይኔ እስኪያብጥ አየሁ። ገና ሩቅ ነው። እጁ ከኋላው ይሁን አይሁን፣ ሹራብ ይልበስ አይልበስ... አልለይም። ሽማግሌው ከሆነ ስክሪኑን ክፍት አድርጌ፣ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ። ያኛው ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ከሶኬት መንቀል አለብኝ። ከነቀልኩት ግን ወንድሜ በየት በኩል ይመጣል?

ባለሱቁ ከፎር ኬ በላይ የለኝም አለኝ።

ከዚህ የጠራ ሞኒተር የምታውቁ... እባካችሁ ቶሎ ጻፉልኝ። አሁን ፕላስተሩን በደንብ አልፎታል። ቁመት እያወጣ ነው።

አንድ እጁን ከፍ አድርጎ እያወዛወዘልኝ ነው።