ከጡቡ ያልወጣው ባዜቃ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በሦስተኛው ዓመት፣ ዝናሙ አባርቶ ወንዙ ወደ ልኩ ሲመለስ፣ በጦርነቱ የፈረሰው ድልድይ ምሰሶዎች ከውሃው በላይ እንደ ወላቃ ጥርስ ብቅ ብቅ ብለው ይታዩ ነበር። ከወንዙ ማዶ ያለው የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ለአዲሱ ድልድይ የሚሆነውን ብረት እንዲያወጣ ታዝዞ ሁለተኛውን ምድጃ ያሠራ ነበር፤ የምድጃው ውስጠኛ ግድግዳ የሚለብሰው የእሳት ጡብም በጋሪ እየመጣ በግቢው ይከመር ነበር።

ይህን ጡብ እንዲመረምር የተሾመው ሰው፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የሚሠራ አንድ ቀጭን፣ ቁጡ የኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። ሥራው በጡብ ውስጥ ያለውን ቀዳዳ መለካት በመሆኑ ሠራተኛው ሁሉ በሌለበት «ሊቀ ቀዳዳ» ይለው ነበር፤ ፊት ለፊት ግን «ጌታው» ብሎ ባርኔጣውን ያነሣል። በዚያ ግቢ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ታናሽ ወንድሙን ነበር፤ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ እንደ ልጅ አሳድጎ፣ እጁን ይዞ ፋብሪካ ያስገባው እርሱ ነው። ታናሹም በጉልበቱና በሳቁ ተወድዶ የምድጃ አለቃ ሆነ፤ አዲሱ ምድጃ ሲለኮስ ከፊቱ የሚቆመው እርሱ ነበር።

ከዚያ በፊት የነበሩት መርማሪዎች ጡብን ውሃ ውስጥ ነክረው በመመዘን ይረኩ ነበር። ይህ ሊቀ ቀዳዳን ያንገበግበው ነበር፤ ውሃ የባዶውን ብዛት ይናገራል እንጂ ቀዳዳው ሰፊ ይሁን ጠባብ አይናገርምና። ስለዚህ ለምኖም ተጣልቶም ሜርኩሪ አስገዛ፤ የጥንት ሰዎች ባዜቃ የሚሉት፣ እንደ ውሃ የሚፈስ ብረት ነው። ባዜቃ ኩሩ ነው፤ በገዛ ፈቃዱ ወደ ጡብ አይሰርግም፤ በፓምፕ ካልገፉት አይገባም፤ የቀዳዳው በር በጠበበ ቁጥርም ግፊቱ መበርታት አለበት። እንግዲህ በየትኛው ግፊት ምን ያህል እንደገባ ያየ ሰው የቀዳዳውን ስፋት ያውቃል።

ጡቡ ተለካ። ባዜቃው ብርቱ ግፊት እስኪደርስበት ወይ ፍንክች አለ፤ በሮቹ ጠባብ ነበሩ፣ የቀለጠ ብረትም አያሰርጉም ማለት ነው። ሊቀ ቀዳዳም ልፋቱ ፍሬ አፈራ ብሎ ተደስቶ፣ «ቀዳዳው ጠባብ፣ ጡቡ ጥሩ» ሲል ፈርሞ ላከ። ችግሩ የመጣው ግፊቱን ሲያላላ ነበር፤ የገባው ባዜቃ ተመልሶ መውጣት ሲገባው ከግማሽ የሚበልጠው እዚያው ቀረ። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ማሰሪያውን ፈታ፤ ጎማውን ለወጠ፤ ዘይቱን ቀየረ፤ ሌላ ጡብ ቢለካ ያው፣ ደግሞ ቢለካ ያው። ቆሽቱ አረረ። መፍቻውን ግድግዳ ላይ ወርውሮ፣ መልሶ አንሥቶ፣ ራሱን ሰደበ።

በዚህ መካከል የግምጃ ቤቱ ሹም፣ ጡረተኛው መቶ አለቃ፣ ባዶ ብልቃጥ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«የወሰዱትን ባዜቃ ይመልሱ፣ ጌታው።»

«የጎደለው ጡቡ ውስጥ ነው፣ መቶ አለቃ።»

«ጡብ ይበላል እንዴ? እኔ በዕድሜዬ የመንግሥት ንብረት የበላ ጡብ አላየሁም፤ የበላ ሰው ግን አይቻለሁ።»

ነገሩ ለፋብሪካው ሹም፣ ከጦር ሜዳ ለተመለሱት ሻለቃ ደረሰ፤ ጉባኤም ተጠራ። ሊቀ ቀዳዳ የተለኩትን ጡቦች በጠረጴዛው ላይ ደርድሮ መዶሻ አነሣ። የመጀመሪያው እንደተሰበረ ከስብራቱ ውስጥ ምስር ምስር የሚያህል ባዜቃ አብረቀረቀ፤ አንዳንዱም ተንከባልሎ ሲወርድ መቶ አለቃው በመዳፋቸው ሊቀልቡት ተሯሯጡ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጌታው፤ በከንቱ አማሁዎ» አሉ።

ጉባኤተኛው ሳቀ፤ አጨበጨበም። ሊቀ ቀዳዳ ግን ስብራቱን አይቶ ክው አለ።

«ክቡር ሻለቃ፣ ባዜቃውን አይዩ፤ የተቀመጠበትን ጉድጓድ ይዩ። መሣሪያዬ የለካው በሩን ብቻ ነው፤ ከበሩ ኋላ ያለው ግን አዳራሽ ነው! በጠባብ በር ተገፍቶ የገባው ባዜቃ መውጫው ላይ እየተበጠሰ ቀረ። እሳቱ እነዚህን ጠባብ በሮች በልቶ ያሰፋ ዕለት፣ የቀለጠው ብረት እየሰረገ ግድግዳውን ይንደዋል።»

«ጠባብ ነው ብሎ የፈረመው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ።»

«ትናንት ጥሩ፣ ዛሬ መጥፎ! ነገ ደግሞ ምን ሊሉን ነው? ጉባኤው የተጠራው ስለጠፋው ባዜቃ ነው፤ እርሱም ተገኘ። ክብርዎም ተመለሰልዎ። ሌላ ምን ቀረዎ?»

«ወንድሜ ቀረኝ።»

ሻለቃው ግን ድልድዩ የሚመረቅበት ቀን ተቆርጦባቸው ነበርና ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

ከአዳራሹ ሲወጣ ታናሹ በረንዳው ላይ ጠብቆ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ ጋሼ! እኔማ ዱሮም አውቃለሁ፤ አንተ ልትሰርቅ!»

«ተወው እርሱን። ስማኝ፤ ከአዲሱ ምድጃ ፊት አትቁም። ግድግዳው አይታመንም።»

ታናሹ ሳቁ ጠፋ። «እኔ ካልቆምኩ ማን ይቁም? የሌላ ሰው ልጅ ይቁም?» አለ።



ምድጃው በተለኮሰ በሁለተኛው ወር ግድግዳው ከጎኑ ተተረተረ። ታናሹ ጓደኞቹን አንድ በአንድ ገፍትሮ አስወጣቸው፤ ራሱ ሲወጣ ግን የፈነጠቀው የቀለጠ ብረት ሁለቱን ዓይኖቹን ወሰደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ ጡቡ ተቀየረ፤ መርማሪ ጉባኤም ተሰየመ፤ ጉባኤውም ጥፋቱን በጋሪ ነጂዎች የጡብ አያያዝ አሳብቦ ተበተነ። ነገሩ ዛሬም የሚተርከውን ሰው ያናድዳል።

ድልድዩ በቀኑ ባይሆንም ተመረቀ። በፋብሪካው በርም አንድ የመስተዋት ሣጥን ቆመ፤ በውስጡ ባዜቃ ያዘለ ስባሪ ጡብ ተቀምጦ «የጠፋው ንብረት የተገኘበት» የሚል ተጻፈበት። ዓይነ ስውሩ የቀድሞ የምድጃ አለቃ ከበረኛው ጎን ወንበር ተሰጥቶት ነበርና፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር መስተዋቱን በእጁ ዳብሶ፣ «ወንድሜ ሌባ አለመሆኑን ያስመሰከረበት ጡብ ነው» እያለ በኩራት ያስጎበኝ ነበር። ሊቀ ቀዳዳ ይህን ላለመስማት ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በጓሮ በር ዞሮ ይገባ ነበር።

ጎብኚዎቹ በባዜቃው ማብረቅረቅ ይደነቃሉ፤ ለምን ከዚያ መውጣት እንዳቃተው የጠየቀ ግን አንድም አልነበረም። ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲለካ ኖሮ ለትውልድ የተረፈው ወሬ ይኸው ብቻ ነው፤ አልሰረቀም።