የጮራ ሁለተኛ ድምፅ

የፖሊሱ ሃምሳ አለቃ አሻግሬ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሲጠራ የደባርቅ ገበያ ገና አልተበተነም ነበር። ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ጠባብ የልምምድ ክፍል ውስጥ ዘፋኙ ሀብቴ በጀርባው ተዘርሯል። ማጅራቱ የልብስ ሣጥኑ የብረት ጠርዝ ላይ አርፏል፤ ጊታሩ እግሩ ሥር ወድቋል። መስኮቱ አጠገብ አንድ አሮጌ ቴፕ ተቀምጧል።

የአብዮት ጥበቃው ሊቀ መንበር ጓድ ገሠሠ በሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ብዙ አትድከም። ገዳዩ ተይዟል፤ አለነ ነው፣ ማሲንቆ መቺው። ባለፈው ሳምንት ሁለቱ አደባባይ ላይ ተጣልተዋል። ዛሬ ደግሞ ነጠላው ደም ነክቶት ከዚህ ሲወጣ ዘበኛው አይቶታል። ፀሐይ ሳትጠልቅ የጎንደሩ መኪና ይወስደዋል።»

አሻግሬ በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው አያውቅም።

«እስከዚያ የእኔ እስረኛ ነው» አለ።

«ይሁንልህ። ከዚያ ወዲያ ግን የአብዮቱ ነው።»

ሃምሳ አለቃው ከሟቹ ጎን የነበረውን ኮሮጆ ፈታ። አንድ ቅያሪ ሸሚዝና ለብዙ ቀን የሚበቃ ዳቦ ቆሎ አገኘ። ኮሮጆውን መልሶ አሰረና በመስኮቱ ወደ ውጭ አንገቱን አሰገገ። ከመስኮቱ ሥር የበቀለው ሳማ ተረጋግጦ ተኝቷል።

ዘበኛው ጋሽ ተክለ ማርያም ደጃፉ ላይ ዱላቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

«ማን ገባ፣ ጋሽ ተክለ ማርያም?»

«ጠዋት ሀብቴ ገባ፤ ብቻውን። ቆይቶ ያችን የድሮዋን የፀሐይ ዘፈን ሲያወርዳት ሰማሁ። እንደ ልማዱ ቴፑን ከፍቶ፣ ከቴፑ ጋር።»

«ከቴፑ ጋር መሆኑን በምን አወቁ?»

«ሁለት ድምፅ ነዋ፣ ልጄ። አንዱ ሲወርድ አንዱ ይወጣል። እኔ ደረስጌ ዜማ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ጆሮዬ አይስትም። የሙዚቃ ቡድናቸው ጮራ ከፈረሰ ወዲያ ከቴፑ በቀር ማን ያጅበዋል?»

«ከዚያስ?»

«ዘፈኑ አለቀ። የሚወድቅ ነገር ሰማሁ፤ ጊታሩን ያስቀመጠ መሰለኝ። ብዙ ቆይቶ አለነ ገባ፤ ወዲያው እየጮኸ ወጣ።»

አለነ በቀበሌው እስር ቤት ወለል ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ራሱን ቀና ላደርገው ስል ነው ደሙ የነካኝ።»

«ለምን ሄድክበት?»

አለነ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ዳቦ ቆሎውን አይቻለሁ» አለ አሻግሬ በዝግታ።

«ልሰናበተው ነው የሄድኩት» አለ አለነ። «በአርማጭሆ አድርጎ ሱዳን ሊገባ ነበር። አትሂድ ብዬው ነው የተጣላነው። ይህን ብናገር እናቱን ያስሯታል፤ ስለዚህ ዝም አልኩ።»

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«እኔ ለማንም አልተነፈስኩም። ሀብቴ ግን ሆዱ ምስጢር አይችልም።»

የጮራ ከበሮ መቺ የነበረችው ደብሪቱ ነጭ ሽንኩርቷን ከገበያ ሳትጨርስ ተመልሳ ግቢዋ ውስጥ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል። ከኋላዋ በድንጋዩ ካብ ላይ አራት የቴፕ ባትሪዎች ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ከዳባት እስከ ደረስጌ ያልዘፈንበት ሠርግ የለም» አለች። «ጎንደር ወርደን አንዲት ካሴት ቀረፅን። ከሊማሊሞ ወዲያ የሰማን ግን የለም። በኋላ የቀበሌው ኪነት ግቡ፣ ሰልፍ ላይ ዝፈኑ ተባልን። ከመካከላችን ያርጋል ገባ፤ እኛ ቀረን። ሀብቴ በእምቢታው ታሰረ።»

«ካሴቱ ላይ ያለችው ቀጭን ድምፅ ያንቺ ናት?»

ደብሪቱ በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች። «ሁሉም እንደዚያ ይላል። የዳባት ሠርገኞች አንዴ ‹ልጅቷን አሳዩን› ቢሉን ያርጋልን ከነጢሙ አሳየናቸው። እኔ ከበሮ እንጂ ዘፈን የታለኝ!»

አሻግሬ ወደ ካቡ አየ። «እነዚህ ከመቼ ጀምሮ ናቸው?»

«ከትናንት። ፀሐይ ሲያገኙ ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ።»

«ልዋሳቸው?» አለና አራቱንም በኪሱ ጨመረ።

ያርጋል የኪነት ካኪውን ለብሶ፣ ፀጉሩን አዲስ ተቆርጦ፣ ፀጉር አስተካካዩ ደጃፍ ቆሟል። እጆቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው።

«ሞቱን ሲነግሩኝ ወንበሩ ላይ ነበርኩ፤ ሰዎቹን ጠይቃቸው። ዛሬ ወደ አዳራሹ አልደረስኩም። ሀብቴ ወንድሜ ነው፣ ሃምሳ አለቃ። ከእስር ሲፈታ ዋስ የሆንኩት እኔ ነኝ።»

አሻግሬ ሲጋራ ዘረጋለት። ያርጋል እጁን ሲያወጣ አንጓው ምስር የተበተነበት መስሎ ቀልቷል።

«ቁንጫ ነው» አለ እያከከ። «በዚህ ብርድ እኛ እንሞታለን እንጂ እሷ አትሞትም።»

ፀሐይ ወደ ሊማሊሞ ስታዘቀዝቅ አሻግሬ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበ። አለነ እጁ ታስሮ መሃል ተቀመጠ። ቴፑ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ጋሽ ተክለ ማርያም፣ እባክዎ ይክፈቱት።»

ሽማግሌው ቁልፉን ተጫኑ። ምንም ድምፅ የለም።

«በቀን መብራት የለ፤ በባትሪ ነው የሚሠራው» አሉ።

አሻግሬ የቴፑን ጀርባ ከፈተ። ባዶ ነው። አራቱን ባትሪዎች ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «የማን ናቸው፣ ደብሪቱ?»

«የዚሁ ቴፕ። ትናንት ካሴቱ ሲጎተትበት ሀብቴ ራሱ አምጥቶ ፀሐይ አሙቂልኝ አለኝ።»

«እንግዲህ ዛሬ ጠዋት ቴፑ አልዘፈነም» አለ አሻግሬ። «ጋሽ ተክለ ማርያም ግን ሁለት ድምፅ ሰምተዋል፤ ጆሯቸውም አልሳተም። ሁለቱም የሕያው ሰው ድምፅ ነበር። አለነ የገባው ዘፈኑ አልቆ፣ የወደቀውም ነገር ወድቆ ብዙ ከቆየ በኋላ ነው። አጃቢው በበር አልገባም። በመስኮት ነው የገባው፤ የወጣውም በዚያው ነው፤ ሳማውን ረግጦታል። ሳማ ደግሞ ሲረግጡት ዝም አይልም።»

ባትሪዎቹን አስገብቶ ቁልፉን ተጫነ። ጊታሩና ማሲንቆው ተከታተሉ። የሀብቴ ወፍራም ድምፅ ወረደ፤ ከላዩ ቀጭኑ ድምፅ ተነሣ።

«ይህ ማነው?»

ሁሉም ወደ ያርጋል ዞረ።

«እጅህን አሳየን» አለ ገሠሠ።

ያርጋል እጆቹን አወጣ። እስከ ክርኑ ሳማው ለብልቦታል።

«የድሮ ዘፈን ስዘፍን እንዳልታይ በመስኮት ገባሁ» አለ። «‹አንዴ ብቻ አብረን እንበላት› ሲለኝ እንቢ ማለት አቃተኝ። ስንጨርስ ኮሮጆውን አነሣ። ሱዳን ልሂድ ነው አለኝ። ዋስህ ነኝ፣ አንተ ስትሄድ እኔን ይረሽኑኛል አልኩት። ያዝኩት፤ ሲታገለኝ ገፋሁት። ሣጥኑን አላየሁትም።»

«ሣጥኑን አላየህም እንበል» አለ አሻግሬ። «አለነ በአንተ ፋንታ ሲታሰር ግን አይተሃል። ያኔም ከወንበሩ ሳትነሣ ፀጉርህን አስጨረስክ።»

«ሱዳን?» አለ ገሠሠ። «እናቱ ታውቅ ነበር ማለት ነዋ።»

«የሄደ ሰው የለም፣ ጓድ» አለ አሻግሬ። «ሀብቴ የሞተው ደባርቅ ላይ ነው።»

ገሠሠ ዓይኑን ወደ ቴፑ መለሰ፤ የእናቱን ነገር ደግሞ አላነሣም። ውጭ መኪናው ጥሩምባውን ነፋ። አሻግሬ የአለነን ገመድ ፈትቶ በዚያው ገመድ ያርጋልን አሰረ።

በሩ ጋ ሲደርሱ ባትሪዎቹ መድከም ጀመሩ። የሀብቴ ድምፅ ተጎተተ፣ ወፈረ፣ ሁለተኛው ድምፅ የሚነሣበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ሁሉም ሳያውቀው ጠበቀ። ያርጋል ደፉ ላይ ቆሞ አፉን ከፈተ። ድምፅ ግን አልወጣውም።