የአርባዎቹ እጥፋት

የሰው አንጎል ሲነፋ ኳስ ይሆናል። ሐይቅ ላይ በሚንሳፈፈው ቤተ ሙከራ ውስጥ ምንትዋብ በየቀኑ ሃያ ያህል ትነፋለች። ሠራተኞቹ «አዛማጅ» የሚሉት ማሽን የአንጎልን ገጽ ምስል አንሥቶ፣ ምስሉን እንደ ኳስ ነፍቶ እጥፋቱን ይዘረጋል፤ እሷ ደግሞ የአንዱን ሰው ነጥቦች በሌላው ሰው ነጥቦች ላይ ታሳርፋለች። የሁለት ሰው እጥፋት ገጥሞ ስለማያውቅ አንዱን መሳብ፣ ሌላውን መጫን ግድ ነው።

የዚያን ሳምንት ሥራዋ የዋሻው ሰዎች ነበሩ። ከአራት ዓመት በፊት የባቡር ዋሻ ተደርምሶባቸው ዘጠኝ ቀን በጨለማ ቆይተው የወጡ አርባ ሰዎች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልወስዳቸው ብሏል። በአንጎላቸው የታወከው ቦታ ከተገኘ ሐኪሞቹ በጨረር ሊያጠፉላቸው ነው።

አገኘችው። ከቀኝ ጆሮ በላይ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ በአርባዎቹም ላይ ሳትሳብ ሳትጫን ገጠመች፤ ነጥብ በነጥብ። እጥፋት ደግሞ በእናት ማህፀን ተሠርቶ ያለቀ፣ ኋላ የማይለወጥ ነገር ነው። ምንትዋብ የአንድ ሰው ምስል አርባ ጊዜ የተገለበጠ መስሏት ሁሉንም እንደገና አነሣቻቸው። ያው ሆነ።

አለቃዋ ዶክተር ጉርሜሳ፣ «ቦታው ታወቀ አይደል? ፈርሚና ሕክምናው ይጀመር» አሏት።

«መጀመሪያ አንዱን ላናግር።»

ከአርባዎቹ አንዱ አቶ ደቻሳ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ስንዱ ጋር መጡ። ምንትዋብ ምስሉን አሳየቻቸው። «አንጎል የሰው ድምፅ የሚለየው እዚህ ነው። በአርባችሁም አንድ ሆኗል፤ የማን ድምፅ ይሆን?»

ሰውየው ወደ ምስሉ ጠጋ አሉ። «የመምህርት ትበርህ። አርባ አንድ ነበርን። እግሯ በድንጋይ ተይዞ ነበር። አየሩ ሲያልቅ የተኛ አይነቃምና፣ እንዳንተኛ በየተራ ታስቆጥረን ነበር። በስድስተኛው ቀን ዐረፈች።»

«ከዚያ በኋላስ ማን አስቆጠራችሁ?»

«እሷው ናታ!»

«ዛሬም?»

«ሸለብ ሲያደርገኝ ‹ደቻሳ፣ ተራህ ነው› ትለኛለች። እቆጥራለሁ።»

«እናጥፋልዎት?»

«ልጄ፣ እኛ እንቅልፍ ፈለግን እንጂ እሷን አጥፉልን አላልንም። ሁለተኛ መቅበር እኮ ነው።»

ወይዘሮ ስንዱ ነጠላቸውን አወለቁ። «እኔንም አንሺኝ።»

«እርስዎ ዋሻው ውስጥ አልነበሩም።»

«አልነበርኩም። አራት ዓመት ግን አጠገቡ ተኝቻለሁ።»

ኳሱ ተነፋ። ትንሿ ቦታ ከአርባዎቹ ጋር ሳትሳብ ሳትጫን ገጠመች።

«ሲደክማት በትግርኛ ነው የምትቆጥረው» አሉ ወይዘሮ ስንዱ ከማሽኑ ሥር።

ባላቸው ደንግጠው ተነሡ። «ይህን ነግሬሽ አላውቅም!»

ባልና ሚስቱ ከሄዱ በኋላ ምንትዋብ ያልተፈረመውን ወረቀት ለዶክተር ጉርሜሳ መለሰችና የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

«ሊሆን አይችልም» አሉ። «በስንት ሺህ ሰው አይተናል፤ እጥፋት አይገጥምም።»

«እስከ ዛሬ ያዛመድናቸው ሰዎች እኮ እርስ በርስ አይተዋወቁም፣ ዶክተር። አብረው የኖሩትን አንሥተን እናውቃለን?»

ዶክተሩ ያልተፈረመውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ባለቤቴ ከሞተች ሰባት ዓመቷ ነው» አሉ። «የአንጎሏ ምስል መዝገባችን ውስጥ አለ። ከእኔ ጋር አዛምጂው።»

ኮታቸውን አውልቀው ከአዛማጁ ሥር ተጋደሙ።