የመሸሸጊያው በርሜል

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በጥር ወር 1939 ዓ.ም. በአውስትራሊያ፣ በቪክቶሪያ ተራሮች ላይ ዝናብ ከጠፋ ከርሞ ነበር፤ ምንጮቹ ነጥፈው፣ የባሕር ዛፉ ቅጠል ከእግር በታች ይንኮሻኮሽ ነበር። የእንጨት መሰንጠቂያው አለቃ አልበርት ትረጊር ግን ጣውላውን በቀጠሮው ለማድረስ ቃል ገብቶ ነበርና፣ የእንፋሎት ሞተሩ ውኃ ሲያጥረው ዓይኑን በመሸሸጊያው በርሜል ላይ ጣለ።

መሸሸጊያው ሠራተኞቹ ኮረብታውን ፈልፍለው፣ በግንድ ደግፈው የሠሩት ዋሻ ነው፤ ሰደድ እሳት ሲመጣ መንደሩ በሙሉ እዚያ ይገባል፤ በበሩ ላይ የተሰቀለው ብርድ ልብስም እሳቱ እስኪያልፍ ከበርሜሉ ውኃ እየተቀዳ ይርሳል። ያ ብርድ ልብስ ከደረቀ ዋሻው ምድጃ ይሆናል።

በርሜሉን ወደ ሞተሩ ሲያንከባልሉ የመጋዝ ሠራተኛው ሚክ ዱላን ሳቀ።

«አለቃ፣ የኛን ውኃ ለዚህ ሰካራም ሞተር ሊያጠጡት ነው? እሱ እኮ ከኔም ይብሳል!»

«አፍህን ዝጋና ግፋ! ነገ ከታችኛው ወንዝ በጋሪ አስቀድቼ እሞላዋለሁ።»

«እንግዲያው እሳቱንም ነገ እስኪመሽ ቆይ ይበሉልን።»

ሁሉም ሳቁ፤ ትረጊርም አብሯቸው ሳቀ።

በማግስቱ ዓርብ ጋሪው ሳይመለስ እሳቱ ደረሰ፤ በጠራራ ፀሐይ ሰማዩ ጠቆረ። ሰዉ ሁሉ ዋሻው ውስጥ ተፋፍጎ ገባ። በማንቆርቆሪያ የቀረችውን ሻይ በብርድ ልብሱ ላይ ቢያፈሷት ወዲያው ተነነች፤ ጨርቁም መጨስ ጀመረ። ይኼኔ ዱላን አንድ ቆርቆሮ በበሩ ላይ ገጥሞ በጀርባው ደገፈው።

«አለቃ፣ ልጆቹን ወደ ውስጥ ይግፉልኝ!»

ትረጊር ልጆቹን ገፋ፤ ሊያግዘው ቢመለስም ግለቱ አላስጠጋው አለ። እሳቱ ሲያልፍ ከዱላን በቀር ሁሉም ተርፈው ነበር።

በኋላ፣ ስለ እሳቱ ምርመራ በተከፈተበት አዳራሽ፣ መርማሪው ሹም በመሸሸጊያው ውኃ ነበር ወይ ብለው ጠየቁት።

«አልነበረም፣ ክቡር ሆይ፤ ድርቁ እንደሚያውቁት ነው» አለ ትረጊር። ሹሙም አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከአዳራሹ ሲወጣ የዱላን ሚስት ኖራ በር ላይ ቆማ አገኛት።

«ሚክ ስለ በርሜሉ ነግሮኝ ነበር» አለችው፤ «ሐሙስ ማታ፣ እራት ላይ። እየሳቀ ነበር የነገረኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ነዋ።»

ተመልሶ ሊገባ እጁን በበሩ ላይ አሳረፈ፤ አልከፈተውም።

በክረምቱ ዶፍ ዝናብ ወረደ፤ አፈሩን የሚይዝ ዛፍ አልቀረምና ጭቃው ተንዶ መሸሸጊያውን ቀበረው። የምርመራው መዝገብ ድርቁን፣ ሙቀቱንና ነፋሱን ይዟል፤ ስለ በርሜሉ ግን አንዳች አይናገርም። ትረጊር እስኪያረጅ ድረስ በጋ በመጣ ቁጥር በየመሸሸጊያው እየዞረ በርሜል ይሞላ ነበር፤ የተራራው ሰውም «ምን ዓይነት ደግ ሽማግሌ ነው!» እያለ ያመሰግነው ነበር፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ይሰማቸው ነበር።