የወይዘሮ ፔል የመጨረሻ ድምፅ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ፲፰፻፸፫ ዓመተ ምሕረት፣ የኖቬምበር ምርጫ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የወንዙ ጉም በሃርንስቢ ከተማ በቆዳ ፋቂዎች ሰፈር ላይ ተኝቶ ነበር፤ በዚያ ጠዋት የቆዳ ነጋዴው አይዛክ ብራምሊ ባሏ የሞተባትን ባርኔጣ ሰፊ፣ ወይዘሮ ዶርካስ ፔልን፣ ለጋብቻ ጠየቃት። ሰውየው ደግ ነው፤ ሳቁ ከሩቅ ይሰማል፤ እሷም ከወደደችው ቆይታለች። እሺ አለችው፤ ብቻ ሠርጉ ከምርጫው በኋላ ይሁን ብላ ለመነችው።

በጊዜው ሕግ በስሟ የከተማውን ግብር የምትከፍል ባል የሌላት ሴት ለምክር ቤቱ አባላት ድምፅ ትሰጣለች፤ ያገባች ግን፣ ባለፈው ዓመት የለንደን ዳኞች እንደ ፈረዱት፣ ድምፅ የላትም። አይዛክ ራሱ ለሰፈሩ ወንበር ተወዳዳሪ ነበርና ፊቱ በራ።

«ለእኔ ብለው ነው ሠርጉን የሚያዘገዩት፣ ወይዘሮ ፔል?»

«ድምፄን ልስጥ ብዬ ነው፣ አቶ ብራምሊ» አለችው፤ እሱም እንደ አዎንታ ቆጠረው።

እሷ ግን እንቅልፍ አጣች። የምክር ቤቱ አባላት ከኮረብታው ንጹሕ ውሃ በቧንቧ ይምጣ በሚሉና ግብር አይጨመርብን በሚሉ እኩል ተከፍለው ነበር፤ ከንቲባውን የሚመርጡትም እነሱ ናቸውና፣ ይህ አንድ ወንበር ወዳዘነበለበት ከንቲባውም ውሃውም ያዘነብላል። የአይዛክ ተፎካካሪ፣ ቢራ ጠማቂው ክራውሊ፣ የቧንቧ ሰው ነው፤ አይዛክ ግብር አይጨመር ባይ። የዶርካስን የመጀመሪያ ባል የገደለው ደግሞ ከሰፈሩ ጉድጓድ የመጣ ተስቦ ነበር። ይህን ለአይዛክ ብታነሣለት፣ ጉድጓዱ አያቶቻችንንም አጠጥቷል ብሎ ሳቀ።

በምርጫው ቀን ጎረቤቶቿ ለሙሽሪት መንገድ ልቀቁ እያሉ ቀለዱባት። ከመጋረጃው ጀርባ እርሳሱን ይዛ ቆመች፤ አይዛክ በሕይወት እስካለ ድረስ ዳግመኛ እንደማትይዘው ታውቃለች። ልቧ አዘነ። ምልክቷን አድርጋ ወረቀቱን አጣጥፋ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው።

አይዛክ በአንዲት ድምፅ ልዩነት ተሸነፈ።

በማግስቱ ሱቋ መጥቶ ተቀመጠ። ሥጋ ሻጩን ጠረጠረ፤ የገዛ አጎቱን ጠረጠረ፤ እሷን ብቻ አልጠረጠረም። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር።

«አይዛክ» አለችው፤ በስሙ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር። «ሰው አትጠርጥር። ያቺ ድምፅ የእኔ ናት።»

ከወንበሩ ተነሣ። «ሕጉ ለማን እንደ መረጥሽ ሰውሮልሽ የለ? ምን አስነገረሽ?»

«የጠላሁት ጉድጓዱን ነው እንጂ አንተን አይደለም። አንተም የምትጠጣው ከዚያው ነው። ሁለተኛ ባል መቅበር አልችልም።»

ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ። እሷም ነገሩ አበቃለት ብላ ለብቻዋ አለቀሰች፤ ሆኖም በሠርጉ ጠዋት፣ ልሂድ አልሂድ ስትል ቆይታ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ብትደርስ፣ እንደ ተኮሳተረ ቆሞ ሲጠብቃት አገኘችው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ውሃው መጣ። በአደባባዩ ለውሃው መታሰቢያ በቆመው ድንጋይ ላይ የከንቲባው፣ የምክር ቤቱ ሽማግሌዎችና የክራውሊ ስም ተቀረጸ፤ የከተማውን ታሪክ የጻፉትም ከዚያው ገለበጡ። የዶርካስ ስም ከመራጮች መዝገብ ተሰርዟል፤ የመጨረሻ የድምፅ ወረቀቷም እንደ ደንቡ ከሌሎቹ ጋር ተቃጥላለች።

አይዛክ ግን በድንጋዩ አጠገብ ባለፈ ቁጥር እሷ የሰፋችለትን ባርኔጣ ያነሣ ነበር፤ ሰዎችም ለከንቲባው ስም ክብር መስሏቸው አብረውት ያነሡ ነበር።