ከማዶ የሚመጣው ቁጥር

ብታምኑም ባታምኑም... ይኼ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ጨማምሬ ማውራት አልወድም።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች።

የምንኖረው ከማዶ በጀልባ ሙሉ ቀን በሚያስኬድ ትንሽ ደሴት ላይ ነው። የመገናኛ ሬዲዮው ሠራተኛ እኔ ነኝ።

በየጠዋቱ ከማዶ አንድ ድምፅ "ስንት ናችሁ?" ይላል። እመልሳለሁ። ከሬዲዮው ጋር ተያይዞ መንደሩ ግቢ ውስጥ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ለሁሉም ያሰማል።

አንድ ቀን ግን መጠየቁን ተወና... እሱ ራሱ ይነግረን ጀመር።

"ሠላሳ ስምንት" አለ። ሠላሳ ዘጠኝ ነበርን። አመሻሽ ላይ አናጢው ሞተ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ "ሠላሳ ሰባት" አለ። ባለሱቋ ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈች።

መጀመሪያ ያነሣሁላችሁ ቀን ጠዋትም "ሠላሳ ሰባት" አለ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ማንም አይሞትም ማለት ስለሆነ እሰየው ነበር። ግን ባለቤቴ ምጥ ላይ ናት። ልጁ ሲወለድ ሠላሳ ስምንት ልንሆን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው...

ግቢው ሁሉ ዞሮ ወደ ቤቴ አየ።

ባለቤቴ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ።

"ሰማኸው?"

"ሰማሁ።"

"ልጄን... ልጄን እንዳይሆን..."

"ዝም በይ! እኔ እያለሁ ማንም አይነካችሁም።"

ወጣሁ።

ጋሽ መረቡ የምንላቸው መረብ ጠጋኝ ሽማግሌ አሉ። ዘመድ የላቸውም። ሁሌ አራት ሰዓት ላይ ብቻቸውን ወደ ባሕሩ ይገባሉ። ቀድሜያቸው ደረስኩና የጀልባቸውን የታች ቀዳዳ ውታፍ አላላሁት።

አትፍረዱብኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

"ተገላገለች?" አሉኝ ሲመጡ።

"ገና ነው ጋሼ።"

"ወንድ ከሆነ ዓሣ ማጥመድ የማስተምረው እኔ ነኝ፣ ሰማህ? አንተማ ከሬዲዮ ሌላ ምን ታውቃለህ!" ብለው ሳቁ። "በል እስቲ ግፋልኝ።"

ገፋሁላቸው።

ራቅ ካሉ በኋላ ተነሥተው እጃቸውን ያወዛውዙ ጀመር። ይጮኻሉ። ባሕሩ ዳር ሰዎች ነበሩ... እኔም ሰላም እንደሚሉኝ አስመስዬ በፈገግታ አውለበለብኩላቸው።

ከዚያ ጀልባዋ የለችም።

እየሮጥኩ ተመለስኩና የሬዲዮውን ባትሪ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ከዚህ በላይ መስማት አልፈለግሁም።

ስምንት ሰዓት ላይ ልጄ ተወለደ። ወንድ ነው። አዋላጇ አጥባ፣ ጠቅልላ ለእናቱ ሰጠቻት። እልል አሉ። እኔ አለቀስኩ... በደስታ ነው፣ አልዋሽም። ሠላሳ ሰባት ሆነናል። አበቃ።

ያኔ ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ።

ኪሴን ዳበስኩ። ባትሪው አለ።

"ሠላሳ ስድስት።"

እልልታው ቀጥ አለ። ጎረቤቶች አንድ በአንድ መጥተው በሩን ሞሉት።

አዋላጇ ወደ ባለቤቴ ጎንበስ አለች።

"ልጁን ስጪኝ የኔ ልጅ..." አለች በሹክሹክታ። "ላጥበው።"

"አሁን አጥበሽው የለ እንዴ እትዬ?"

አዋላጇ እጇን እንደዘረጋች ቀረች።

በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ወደ ባሕሩ የሚያስወጣውን መንገድ ለቀቁላት።